ሥዕሉ ለማን ተሰቀለ? ክራሩስ ለማን ይመታል?

ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ የአዲስ አበባ የሥዕል ጋለሪዎች በራቸውን ለአዲሱ የዐውደ ርእይ ወቅት ይከፍታሉ። የጥሪ ወረቀት ይበተናል፤ ሥዕሎች ይሰቀላሉ፤ መጠጥ ይቀርባል፤ በአዳራሹ ጥግም ድምፅ ማጉያ ተተክሎ ሙዚቀኞች ቦታቸውን ይይዛሉ። ይህ ልማድ ከተማችንን የኪነ ጥበብ ከተማ እንዳስመሰላት የሚናገሩ ብዙዎች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ «አስመሰላት» የሚለውን ቃል መመርመር ነው።

የምንቃወመውን ከመናገራችን በፊት የማንቃወመውን እንግለጽ። ሙዚቃና ሥዕል በአንድ ጣራ ሥር መገናኘታቸውን አንቃወምም። እንግዳን በዜማ መቀበል ነውር ነውም አንልም። የምንቃወመው ሥዕል የማይታይበትን፣ ሙዚቃም የማይደመጥበትን ምሽት «የኪነ ጥበብ ምሽት» ብሎ መጥራትን ነው።

ይህ ጸሐፊ በአንድ የወቅት መክፈቻ ላይ ተገኝቶ ነበር። ሠዓሊው የአራት ዓመት ድካሙን በግድግዳ ላይ ሰቅሎ ቆሟል። አንዲት የሥዕል መምህርት ወደ እርሱ ቀርባ ስለ አንዱ ሥራ ቀለም አመራረጥ ጠየቀችው። እርሱም ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ድምፅ ማጉያው ከጆሯቸው አጠገብ ነበርና አልተሰማሙም። ሁለተኛ ጠየቀች፤ ሁለተኛም አልሰማትም። በመጨረሻ ሁለቱም ፈገግ ብለው ተለያዩ። በሌላው ጥግ ክራር መቺው ሦስት ሰዓት ሙሉ ተጫወተ። እንግዶቹ መጠጣቸውን ይዘው ለክራሩም ለሥዕሉም ጀርባቸውን ሰጥተው እርስ በርሳቸው ይጨዋወቱ ነበር። ስሙ በጥሪው ወረቀት ላይ አልተጻፈም፤ የሰፈረው «በሙዚቃ ታጅቦ» የሚል ቃል ብቻ ነው። በማግሥቱ ከቀትር በኋላ ወደዚያው ተመልሼ ስሄድ በአዳራሹ ውስጥ ያገኘሁት ጥበቃውን ብቻ ነበር። ሥዕሎቹን በጸጥታ ያየኋቸውም ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ በዚያ ምሽት ተጎጂው ማን ነው? ሠዓሊው ጥያቄ ጠያቂውን አጣ። ሙዚቀኛው አድማጩን አጣ። መምህርቷ ለተማሪዎቿ ይዛ የምትሄደውን ዕውቀት አጣች። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም እንደሚባለው፣ ሁለት ጥበብ በአንድ ጊዜ እናቀርባለን የተባለበት ምሽት አንዱንም ሳያቀርብ አለፈ።

«ሥዕልና ዜማን ማጣመር የኖረ ባህላችን ነው» የሚል መከራከሪያ እንሰማለን። እውነት ነው፤ ግን ባህሉ የሚመሰክረው ለማን እንደሆነ በጥሞና ይታይ። በክብ ቤተ ክርስቲያኖቻችን የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ይሸፈናል፤ በውጭው ዙሪያ፣ በቅኔ ማኅሌቱ፣ ሊቃውንቱ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ ይዘምራሉ። በዚያ ሥዕሉም ዜማውም ለአንድ ዓላማ የቆሙ ናቸው፤ አንዱ ለሌላው ማጀቢያ አይደለም። ምእመኑም ሥዕሉን አይቶ፣ ዜማውን ሰምቶ ይመለሳል እንጂ ጀርባውን ሰጥቶ አይጨዋወትም።

ከዓለማዊው ወገንም አዝማሪውን እንመልከት። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ ያዜመዋል፤ ሰሙን ከወርቁ ለመለየትም ጆሮ ይቀሰራል። ያለ አድማጭ አዝማሪ የለም። በጠጅ ቤት እንኳ ይህን ያህል የተከበረ መደመጥ በጥበብ አዳራሽ መነፈጉ የሚያሳፍር ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ በገናን ለመክፈቻ ምሽት ማድመቂያ ማድረግ ነው። ዐሥሩ አውታር የሚደረደረው ሰው ወደ ኅሊናው እንዲመለስ ነው፤ በዐቢይ ጾም ከቤት ወደ ቤት የሚሰማውም ስለዚሁ ነው። ይህን መሣሪያ በብርጭቆ ፍጭት መካከል ማስቀመጥ ባህልን ማክበር ሳይሆን ባህልን ማስጌጫ ማድረግ ነው።

የውጭውንም ምሳሌ ብንወስድ ፍርዱ አይለወጥም። ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ሞዴስት ሙሶርግስኪ የሟች ወዳጁን የቪክቶር ሃርትማንን ሥራዎች በዐውደ ርእይ ከተመለከተ በኋላ በ1874 እ.ኤ.አ. «የዐውደ ርእይ ሥዕሎች» የተባለውን የፒያኖ ድርሰት ጻፈ። በድርሰቱ ውስጥ ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው የሚራመድ ተመልካች ራሱ ዜማ ሆኖ ተመላልሶ ይሰማል። ልብ ይባል፤ ሙዚቃው የተወለደው ከማየት ነው። እኛ ግን ለመክፈቻው ምሽት የምንጠራውን ሙዚቀኛ ሥዕሎቹን አስቀድመን እናሳየዋለን? አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያውን ይዞ የሚደርሰው እንግዶቹ ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው ነው። ስለ ምን እንደሚጫወት ሳያውቅ እንዲጫወት የተጠራ ባለሙያ፣ እንደ ወንበሩና እንደ ጠረጴዛው ለምሽቱ የተከራየ ዕቃ ተደርጎ ተቆጥሯል ማለት ነው።

የራሳችንም ታሪክ ቢሆን ከዚህ የተሻለ ነገር አሳይቶናል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1955 ዓ.ም. ገደማ ከጀርመን ተመልሶ ሥራዎቹን ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ ረቂቅ ሥዕሎቹ ብርቱ ክርክር አስነሥተው ነበር። «ምንድን ነው ይህ?» የሚል ጠያቂ ነበረ፤ የሚሟገትም ነበረ። ያ ክርክር ሠዓሊውን ቢያስቸግረውም ሥራው መታየቱን አረጋግጦለታል። ገብረ ክርስቶስ ባለቅኔም ነበር፤ ሁለቱን ጥበባት በአንድ ሰው ውስጥ አዋሕዶ ኖሯል። ግን ግጥሙን ለሥዕሉ ማድመቂያ፣ ሥዕሉን ለግጥሙ ማስጌጫ አላደረገም። ዛሬ በመክፈቻ ምሽት የሚጎድለን ያ ክርክር ነው። ተቃዋሚ እንኳ የማይገኘው ሥራው ሁሉን ስላስደሰተ አይደለም፤ ያየው ስለሌለ ነው።

የጋለሪ ባለቤቶች የሚያቀርቡትን ምክንያት አቅልለን አናይም። «ሙዚቃ ባይኖር ሰው አይመጣም፤ ሰው ካልመጣ ሥዕል አይሸጥም፤ ሥዕል ካልተሸጠ ኪራይ አይከፈልም» ይላሉ። ሠዓሊ በሽያጭ እንደሚኖር፣ አዳራሽም በገንዘብ እንደሚቆም እናውቃለን። ነገር ግን ሥዕል የሚገዛ ሰው ሥዕሉን ማየት አለበት። በግርግር መካከል ቀለሙን ያልለየ፣ ሠዓሊውን ያላነጋገረ እንግዳ በምን ተማምኖ ይገዛል? በመክፈቻው ምሽት የተሰበሰበው ሕዝብ በማግሥቱ የማይመለስ ከሆነ፣ ሙዚቃው የሰበሰበው ለራሱ ግብዣ እንጂ ለሥዕሉ አይደለም። ሰው መብዛቱ ተመልካች መብዛቱ አይደለም።

«ዝም ያለ አዳራሽ የምሁራን ብቻ ይሆናል፤ ሙዚቃ ተራውን ሰው ይስባል» የሚሉም አሉ። ተራውን ሰው ከበር የሚመልሰው ግን ጸጥታው አይደለም። በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ መግለጫ ይመልሰዋል፤ በሚያውቁት ሰዎች መካከል ብቻ የሚዞር የጥሪ ወረቀት ይመልሰዋል፤ «ይህ ቦታ የእኔ አይደለም» የሚያሰኝ አቀባበል ይመልሰዋል። ሕዝቡን የሚሻ እነዚህን አስቀድሞ ያስወግድ።

መቃወም ብቻውን በቂ ስላልሆነ የሚከተለውን እናሳስባለን።

አንደኛ፣ የመክፈቻው የመጀመሪያ ሰዓት ለሥዕሉ ይሁን። ድምፅ ማጉያው ይዘጋ፤ ሠዓሊው በሥራው አጠገብ ቆሞ ይጠየቅ፤ ይመልስም።

ሁለተኛ፣ ሙዚቃው የራሱ ሰዓት ይኑረው። ወንበር ይዘርጋ፤ መጠጡ ይቁም፤ የሙዚቀኛው ስምና የሚጫወተው ሥራ በጥሪው ወረቀት ላይ ከሠዓሊው ስም ጎን ይጻፍ። ዋጋውም እንደ ባለሙያነቱ ይከፈል።

ሦስተኛ፣ በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ ዛሬ በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም ስም የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሁለቱም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ናቸው። ተማሪዎቻቸው አስቀድመው ይገናኙ። ወጣቱ ሙዚቀኛ ሥዕሎቹን ገና በሠዓሊው መሥሪያ ቤት ሳሉ ይመልከት፤ ከዚያም በትዝታ ይሁን በባቲ፣ በአምባሰል ይሁን በአንቺ ሆዬ፣ ያየውን በዜማ ይመልስ። ሥዕልና ሙዚቃ ተገናኙ የሚባለው ያን ጊዜ ነው።

አራተኛ፣ ከመክፈቻው ማግሥት ያለው ቀን የመምህራንና የተማሪዎች ይሁን። መግለጫው በአማርኛም ይጻፍ። የሠዓሊው ስም፣ የሥራው ዘመን፣ የተሠራበት ቁስ በግልጽ ይቀመጥ።

ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠይቁት ክብር መስጠትን ነው። ለጋዜጠኞችም አንድ ቃል አለን፤ ከመክፈቻው ምሽት በኋላ ማን እንደተገኘ ብቻ ሳይሆን ምን እንደታየና ምን እንደተሰማ ጻፉ።

ለሠዓልያንና ለሙዚቀኞች ደግሞ የምንለው ይህ ነው፤ ማንም ሳይጠይቃችሁ በጀርባ ለመቆም አትስማሙ። ክራር መቺው «ስሜ ይጻፍ፤ ስጫወትም ይደመጥ» ማለት መብቱ ነው። ሠዓሊውም «ሥራዬ በሚታይበት ሰዓት ልጠየቅ» ማለት ይገባዋል። የሚቀጥለው ጥቅምት ሲመጣና በሮቹ እንደገና ሲከፈቱ፣ ያቺ መምህርት ጥያቄዋን አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቃ መልሱን ሰምታ ትመለስ። የመክፈቻውን ምሽት ስኬት የምንለካው በዚህ ነው።