ከኋላ ለሚመጣው የሚበራ መብራት

አንባቢ ሆይ፤ መኪና ቢኖርዎ ወይም በመሥሪያ ቤት መኪና ወደ አገር ቤት ለሥራ የሚላኩ ቢሆኑ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የመኪናው የኋላ መብራት መሥራቱን ያረጋገጡት መቼ ነው? የፊቱ መብራት ሲጠፋ ወዲያው ያውቁታል፤ መንገዱ ይጨልምብዎታልና። የኋላው ሲጠፋ ግን የሚጨልመው በእርስዎ ላይ ሳይሆን ከኋላዎ በሚመጣው ሰው ላይ ነው።

ይህን ያስተማረኝ ሊማሊሞ ነው። ሊማሊሞ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ አዲ አርቃይ እየተጠማዘዘ የሚወርድ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ገደል ተቆርጦ የተሠራ መንገድ ነው። በክረምት ጉም ሲወርድበት ከፊት ያለው መኪና የሚታወቀው በኋላ መብራቱ ብቻ ነው።

አንድ የነሐሴ ቀን፣ ወደ 11 ሰዓት ግድም፣ በአሮጌ ላንድሮቨር ከደባርቅ ቁልቁል ወረድን። የግራው የኋላ መብራት ድንጋይ ሰብሮት ነበር። የቀኙም ደከም ስላለ ሾፌራችን ደባርቅ ላይ አዲስ አምፖል ገዝቶ ቀየረና ሲበራ አይቶ ተደሰተ። ከቁልቁለቱ መካከል ስንደርስ ከኋላችን የጎማ ጩኸት ሰማን። አንድ የጭነት አይሱዙ ሊገጨን አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። አዲ አርቃይ እንደ ደረስን የአይሱዙው ሾፌር ወረደና፣ «ጋሼ፣ ፍሬን ሲይዙ እኮ መብራትዎ ይጠፋል!» አለው። የእኛውም፣ «አምፖሉ ዛሬ የገባ ነው!» ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኤሌክትሪክ በሽቦ ወደ አምፖሉ ይሄዳል፤ ነገር ግን ወደ ባትሪው መመለሻ ካላገኘ አይሠራም። በመኪና ላይ መመለሻው አብዛኛውን ጊዜ ራሱ የብረት አካሉ ነው። የኋላው አምፖል በውስጡ ሁለት ክሮች አሉት፤ አንዱ ለሌሊት የሚበራው 5 ዋት፣ ሌላው ፍሬን ሲያዝ የሚበራው 21 ዋት ነው። መብራቱን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ብሎን ሲዝግ ለ5 ዋቱ የሚበቃ ጥቂት ኃይል ያሳልፋል። 21 ዋቱ ሲጨመርበት ግን መንገዱ ይጠበውና ሁለቱም ይደክማሉ። እንግዲህ ደህና የነበረው መብራት በሚያስፈልግበት ሰዓት ይከዳል ማለት ነው።

ይህ ችግር የላንድሮቨር ብቻ አይደለም። ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. የተሠራው ኤም.ጂ.ቢ. የተባለው የእንግሊዝ የስፖርት መኪናም በዚሁ ይታወቃል። የብዙዎቹን የእንግሊዝ መኪናዎች መብራት የሠራው የበርሚንግሃሙ ሉካስ ነበርና ባለመኪናዎቹ «የጨለማው ልዑል» እያሉ ይቀልዱበታል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሉካስ ሳይሆን የዝገት ነው።

ስለዚህ አምፖል ከመግዛትዎ በፊት በተራ ይመርምሩ።

አንደኛ፤ የጠፋው አንዱ ጎን ብቻ ነው ወይስ ሁለቱም? ሁለቱም ከጠፉ ፊውዙንና ማብሪያውን፣ አንዱ ብቻ ከሆነ አምፖሉን፣ መቀመጫውንና መመለሻውን ይጠርጥሩ።

ሁለተኛ፤ አምፖሉን አውጥተው ሁለቱንም ክሮች ይመልከቱ። በጎንና በጎኑ ያሉት ሁለት እሾኾች ቁመታቸው እኩል አይደለም፤ ስለዚህ በግድ አይክተቱት፤ አዙረው ይሞክሩ።

ሦስተኛ፤ አንድ ቁራጭ ሽቦ ወስደው አንዱን ጫፍ በመብራቱ የብረት መቀመጫ ላይ፣ ሌላውን ዝገትና ቀለም በሌለበት የመኪናው አካል ላይ ያስነኩ። መብራቱ ቦግ ካለ በሽታው ተገኘ። ብሎኑን ፈትተው የሚነካካውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉ፤ ጥቂት ግራሶ ቀብተው ያጥብቁት።

አራተኛ፤ የሌሊቱ እየበራ የፍሬኑ ብቻ በሁለቱም ጎን እምቢ ካለ የፍሬኑን ማብሪያ ይፈትሹ። በብዙ አሮጌ የእንግሊዝ መኪናዎች ይህ ማብሪያ በፍሬን ዘይት ግፊት የሚሠራ ነው። የመኪናውን ቁልፍ ከፍተው ሁለቱን ሽቦዎቹን በቁራጭ ሽቦ ያገናኙ፤ ከበራ የሞተው ማብሪያው ነው።

አንድ ነገር አደራ፤ የተቃጠለ ፊውዝ በሽቦ ወይም በሲጋራ ብር ወረቀት አይተኩ። ፊውዝ የሚቃጠለው መኪናው እንዳይቃጠል ነውና።

የእኛ ላንድሮቨር በማግሥቱ ጧት አዲ አርቃይ ላይ በአንድ ካቻቢቴና በእጅ መዳፍ በምታህል ብርጭቆ ወረቀት ዳነ። አዲስ አምፖል ያላዳነውን ጥቂት መፈተግ አዳነው።

ረዳት ከሌለዎት ሲመሽ የመኪናውን ጀርባ ወደ ግድግዳ አስጠግተው ያቁሙና ፍሬን ይርገጡ። ቀዩ ብርሃን በሁለቱም ጎን በግድግዳው ላይ ደምቆ ከታየዎት መልካም መንገድ። ካልታየዎት ግን ጉዞውን ለነገ ያቆዩት፤ የማያውቁት ሰው ከኋላዎ ይመጣልና።