ከለንደን ስቶክሆልም ስንት ሰዓት ነው?



ዕረፍት እየደረሰ ስለሆነ ብዙዎቻችሁ ዘመድ ጥየቃ ለመሄድ ሻንጣ ማዘጋጀት ጀምራችኋል። እኛም ባለፈው ዓመት ከለንደን ስቶክሆልም እናቴ ጋ ሄደን ነበር። ከመነሳታችን በፊት የ9 ዓመቱ ልጄ ስልኩን ተቀብሎኝ «እማማ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እንደርሳለን» አላት። እሱ ቲኬቱ ላይ 13:30 የሚለውን አይቶ ነው። እሷ ግን የሰማችው ማታ አንድ ሰዓት ተኩልን ነው።

ደርሰን በሩን ብናንኳኳ ማን ይክፈት! ለካ ገበያ ወጥታለች። አንድ ሰዓት ያህል ብርድ ላይ ቆምን። ነገሩ ሲገባን ሁላችንም ሳቅን፣ ልጁ ግን አልሳቀም። ሁለት ቀን ሙሉ አያቱን በእንግሊዝኛ ብቻ መለሰላት። ጥፋቱ የሱ አልነበረም፤ የኛን ሰዓት አቆጣጠር ያላስተማርነው እኛ ነን።

ስለዚህ ዘንድሮ ጉዞውን ራሱን ትምህርት አድርጉት። የኛን መንገድ ለምሳሌ ልውሰድ። ከሂትሮው እስከ አርላንዳ አየር ማረፊያ በቀጥታ መስመር 1,460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላኑ ከፍታውን ከያዘ በኋላ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ልጃችሁ ቢያካፍለው ከ2 ሰዓት በታች ያገኛል፤ ቲኬቱ ግን 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይላል። «ትርፉ የት ገባ?» ብላችሁ ጠይቁት። ለመነሳት ተራ መጠበቅ፣ ከፍታ እስኪይዝ መውጣት፣ ለማረፍ መውረድ፣ ሁሉም ጊዜ ይበላል። ነፋሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ የመልሱ በረራ ትንሽ ይረዝማል።

ቀጥሎ ወደ ሰዓቱ ኑ። ስቶክሆልም ከለንደን በ1 ሰዓት ይቀድማል። ከለንደን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተነስቶ 2 ሰዓት ተኩል የበረረ ሰው በለንደን 6 ሰዓት ተኩል፣ በስቶክሆልም ግን 7 ሰዓት ተኩል ላይ ይደርሳል። በፈረንጁ አቆጣጠር 13:30 የሚባለው ይኸው ነው። ለልጆች ቀላሉ ዘዴ ከፈረንጁ ሰዓት ላይ 6 መቀነስ ነው፤ 13 ሲቀነስ 6፣ 7 ይሆናል። «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» የሚሉትንም አብረው ይልመዱ። እነሱ ባይቀሩብን ኖሮ እናቴም ገበያ ባልወጣች ነበር።

የምንመለስ ዕለት ልጄ ወረቀት ላይ ሲደምርና ሲቀንስ ቆየና አያቱን እንዲህ አላት፦ «እማማ፣ ለንደን የምንደርሰው ከቀኑ 10 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። ባንቺ ሰዓት ግን 11 ሰዓት ከ40 ይሆናል። ያኔ እደውልልሻለሁ።» እሷም ስልኳን ይዛ ጠበቀችው።

የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ፦ የመድረሻችሁን ሰዓት ለአያት ወይም ለአክስት የሚነግረው ልጁ ይሁን። ቢሳሳት አትሳቁበት፤ ቀስ ብላችሁ አብራችሁት ቁጠሩ።

መልካም መንገድ!