ለአውሬ ወይስ ለሰው?

የጠመንጃ ምርጫ የፖለቲካ ጥያቄ ነው ብል ትገረሙ ይሆናል። ነገሩን ከሩቅ ልጀምር።

በአላስካ፣ ድብ ባለበት ጫካ የሚንቀሳቀሱ ሰዎች ዛሬም ከሚይዟቸው መሣሪያዎች አንዱ ከቃታው ሥር ያለውን ማንሻ ወደ ታች ገፍተው ሲመልሱት የሚጎርሰው የጥንት ጠመንጃ ነው። ከጥይቶቹ አንዱን የአሜሪካ ጦር የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1873 ሲሆን አረሩ 26 ግራም ገደማ ይመዝናል። የእኛ ውጅግራ የዚያ እኩያ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1874 የፈረንሳይ ሥሪት፣ 25 ግራም እርሳስ የሚተፋ። ለትልቅ አውሬ የሚበጀው እንዲህ ያለ ከባድ አረር ነው።

በመተማና በቋራ ድብ የለም፤ አንበሳ ግን አለ። በ1998 ዓ.ም. በተከለለው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸው በ2008 ዓ.ም. በካሜራ ተረጋግጧል። ጅቡማ የየበረቱ ደጅ ጠኚ ነው። ይሁንና በቆላው ገበሬ ትከሻ ላይ የምናየው ክላሽንኮቭ ነው። አረሩ 8 ግራም ያህል፣ ልባሱ ብረት፣ ለጦር ሜዳ የተሠራ። የሄግ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1899 ገላ ውስጥ የሚሰፋ አረርን በጦርነት ላይ ከልክሏል፤ አዳኞች ግን አውሬው ቆስሎ እንዳይመለስባቸው የሚመርጡት ያንኑ ነው። እንግዲህ በገበሬው ካዝና ውስጥ ያለው ለአንበሳ የማይስማማ፣ ለሰው የታሰበ ጥይት ነው።

ተሳስቷልን? በእኔ እምነት አልተሳሳተም። የሚያሰጋው አንበሳ አይደለምና። አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በጥይት የወደቁት እዚሁ መተማ ነው። በ2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ገበሬዎቻችን ያርሱት ወደነበረው መሬት ዘለቀ። በ2015 ዓ.ም. ሱዳን እርስ በርሷ ተዋጋች፤ ዓመቱ ሳያልቅ የአማራ ክልልም የጦር አውድማ ሆነ። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ መንገደኛ እየታገተ ገንዘብ ተጠየቀበት።

አጋቹም የያዘው ያንኑ ክላሽ ነው የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መውጣቱንም አልቃወምም። ክርክሬ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መንገዱን ሳይጠብቁ ጠመንጃ መቁጠር፣ ሕግ አክባሪውን ባዶ እጁን አስቀርቶ ሽፍታውን ማስታጠቅ ነው።

የመተማ ገበሬ የሚፈራው አውሬ ብቻ የሆነ ዕለት፣ ያን ጊዜ መንግሥት አለን እንላለን።