የብሎን አርበኞች

«ተገጣጥሞ የመጣውን የሚገዛ ሰው ሀገሩን አይወድም።»

ይህን ያለው ደሴ ፒያሳ ማኪያቶውን እያማሰለ የተቀመጠ አንድ የመኪና ደላላ ነው። ፊት ለፊቱ ያሉት አዛውንት በሱቅ ንግድ ያጠራቀሙትን የዕድሜ ልክ ገንዘብ ለአንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ሊያወጡ የመጡ ናቸው። የቀረበላቸው ምርጫ ሁለት ነው፤ ቻይና ተሠርታ አልቃ የገባች፣ ወይም በክፍልፋይ ገብታ እዚህ የተገጣጠመች። «ልዩነታቸው ምንድን ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁ። የፍሬን፣ የባትሪ፣ የዋስትና ነገር ሲጠብቁ የመጣላቸው የሀገር ፍቅር ሆነ። ሰውዬው ነጋዴ ናቸው፤ በዕድሜያቸው ብዙ ነገር ሊሸጥላቸው ተሞክሯል። ሀገር በክፍልፋይ ሲሸጥላቸው ግን የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

ደላላው ላይ ብዙ መጨከን አልፈልግም፤ ኮሚሽኑን እየሠራ ነው። ቃሉን ያቀበሉት ሪባን ቆራጮቹ ናቸው። መገጣጠሚያ መጋዘን በተመረቀ ቁጥር፣ ከኋላቸው ላስቲኩ ገና ያልተላጠ መቀመጫ እየታየ፣ «መኪና ማምረት ጀመርን» የሚሉን እነሱ ናቸው። ተፈጭቶ በመጣለት ሽሮ ላይ ውሃ የጨመረ ሰው የሽምብራ ገበሬ ነኝ ቢል ምን እንለዋለን?

የነገሩ ሥር ቀረጡ ላይ ነው። ገንዘብ ሚኒስቴር ለኤሌክትሪክ መኪኖች ማበረታቻ ሲያወጣ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ተበትኖ ለሚገባው 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ አደረገ። ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚገባው ምንም። እስቲ ደግማችሁ አንብቡት። እዚህ ምን ተሠራ ብሎ የጠየቀ የለም፤ የተጠየቀው እዚያ ምን ያህል ተፈታ የሚለው ነው። አንድ ጎማ፣ አንድ መስታወት፣ አንድ መቀመጫ እዚህ ሳይሠራ ሳጥኑ ከበዛ ዜሮ ይደርሳችኋል። ሙሉ በሙሉ የተበተነው ብየዳና ቀለም ይጠይቃል ይሉኛል። ይጠይቅ። ግን የትኛው መገጣጠሚያ ብየዳና ቀለም እንዳለው፣ የትኛው ጎማ ገጥሞና ባትሪ አያይዞ ብቻ እንደሚያስወጣ ደሴ ያለው ገዢ በምን ይወቅ? ነዳጅ የሚጠጡ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ከተነገረ ወዲህ ደግሞ አዲስ መኪና ፈላጊው ተሠርታ አልቃ ከገባችዋና እዚህ ከተገጣጠመችዋ የኤሌክትሪክ መኪና ሌላ መሄጃ የለውም።

ብልሃቱ አዲስ አይደለም። እንግሊዞች ሎተስ ሰቨን የምትባለዋን ትንሽ የስፖርት መኪና በክፍልፋይ ይገዙ የነበረው ለሞያው ፍቅር ብቻ ብለው አልነበረም። ተሠርታ ያለቀችዋ የግዢ ታክስ ነበረባት፤ በሳጥን የመጣችዋ አልነበረባትም። የመገጣጠሚያ መመሪያ አብሮ መስጠት ስለማይፈቀድ ፋብሪካው የመበተኛ መመሪያ ሰጥቶ «ከኋላ ወደ ፊት አንብቡት» አለ እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል። እ.ኤ.አ. በ1973 ተጨማሪ እሴት ታክስ መጥቶ ቀዳዳው ሲደፈን፣ ሎተስ መኪናዋን የመሥራት መብቱን ለካተርሃም አስተላለፈ። እንግሊዞቹ ቢያንስ ታክስ እየሸሹ መሆናቸውን ያውቁ ነበር። ሀገር እያለማን ነው ብለው አልፎከሩም።

አሜሪካኖቹም የድሮዋን ሼልቢ ኮብራ አስመስለው ለመሥራት ፋክተሪ ፋይቭን ከመሰሉ ድርጅቶች ክፍልፋይ ያዛሉ። መሠረታዊው ሳጥን ውስጥ ሞተር የለም፣ ካምቢዮ የለም፤ ገዢውም ይህን ያውቃል። በገዛ ጋራዡ ራሱ ገጥሞ ራሱ ይነዳል፣ ጉድ ቢመጣም የሚመጣው በራሱ ነው። እጁ የማይፈታለት ሰው ደግሞ ተሠርቶ ያለቀ ያዛል፣ ማን እንደሠራለት አውቆ ይረከባል። እኛ ጋ ሳጥኑን ያስመጣው አንድ፣ ብሎኑን ያጠበቀው ሌላ፣ ያሻሻጠው ሦስተኛ። የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርዱት ግን እኚያ አዛውንት ናቸው።

ሐረጎን የማያውቅ ሰው በዚህ ጉዳይ ባይናገር ደስ ይለኛል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ ነው። ከፊት ያለው ኤፍኤስአር የጭነት መኪና ጭነቱን ተሸክሞ በማርሽ እየተያዘ ሲወርድ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ በመስኮት ይገባል። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ላይ ደግ ጠባይ አለው፤ ሞተሩ ፍጥነቱን እየያዘ ባትሪውን መልሶ ይሞላል። ይህን አልክድም። ነገር ግን ባትሪው ደሴ ላይ ጢም ብሎ ሞልቶ ከተነሣ፣ የሚመጣውን ኃይል የሚያስገባበት ቦታ ስለሌለው የሞተሩ መያዝ ይቀንሳል፤ አብዛኛው ሥራ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ያን ጊዜ የፍሬኑ ዘይት ውስጥ አየር አለመቅረቱን ማን አየው? የጎማው ብሎን በልኩ መጥበቁንስ ማን ፈረመበት? ፋብሪካው «እኔ የላክሁት በሳጥን ነው» ይላል። መገጣጠሚያው «እኔ የገጠምሁት እንደመጣልኝ ነው» ይላል። ደላላው ስልክ አያነሳም።

መገጣጠም እያደገ ወደ መሥራት ያደርሳል የሚሉም አሉ። ሆላንድ ካር የቻይና መኪኖችን እየገጣጠመ ዓባይ፣ አዋሽ፣ ተከዜ እያለ አቅርቦልን ነበር። ወንዞቻችን ተራ በተራ መኪና ላይ ተለጠፉ፤ ድርጅቱ ከስሮ ተዘጋ። አምቼ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የጭነት መኪና ሲገጣጥም ኖሯል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ዛሬም ሞተሩን ከባሕር ማዶ እንጠብቃለን። ዕድገቱ በየት በኩል እያለፈን እንደሆነ የሚያውቅ ይንገረኝ።

በእውነት ከላሜራ ጋር የታገሉ ሰዎችማ አሉን፤ ማንም ሪባን አልቆረጠላቸውም። የቅጥቅጥ አውቶቡስ ሠሪዎችን ማለቴ ነው። ለሠሪው የአይሱዙ ሻንሲ ይቀርብለታል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የእጁ ነው። አጥንቱን በቱቦላሬ ይበይዳል፣ ባትላሜራው ላሜራውን እየቀጠቀጠ ያለብሰዋል፣ ስቱኮ ይለስናል፣ መቀመጫውን ይደረድራል፣ በርና መስኮቱን ይሰካል። ወሎ ውስጥ በዚህ መኪና ያልተሳፈረ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ቅጥቅጥ ይቆረቁራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጣራው ላይ ሲጫንበት ደግሞ ሐረጎ ላይ ልብ ያርዳል፤ አላሞግሰውም። ነገር ግን ጣራው ካፈሰሰ የበየደው ሰው ጋራዥ የት እንደሆነ ባለንብረቱ ያውቃል፤ ሄዶም ይጨቃጨቃል። ያ ሰው ብረት እንዴት እንደሚታጠፍ ከልጅነቱ ጀምሮ የተማረ ነው። ሳጥን በካቻቢቴ ለፈለቀቀው «ኢንዱስትሪያሊስት» እየተባለ ሲጨበጨብለት፣ ለዚህኛው የላሜራ አስተጣጠፍ የተሰጠ ማበረታቻ አልሰማሁም።

አሁን ደግሞ «ኮምቦልቻም መገጣጠሚያ ይድረሳት» የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ከተማዋ ደረቅ ወደብ አላት። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፤ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አላት። ይህን ሁሉ የያዘች ከተማ ሳጥን ስትከፍት እንድትውል መመኘት ለእኔ ንቀት ነው። የመቀመጫ ጨርቅ ትሸምን። የፍሬን ሸራ ትሥራ፤ ገበያው እዚያው ሐረጎ ላይ በየቀኑ እየተቃጠለ ነው። የመኪናውን ሽቦ ትዘርጋ። ጥቃቅን ነገር ነው የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ ጥቃቅን ነው። መኪና ሙሉ በሙሉ የተሠራው ከጥቃቅን ነው።

ገንዘብ ሚኒስቴርም ሠንጠረዡን ይቀይር። ዜሮውን በመፈታት ልክ ሳይሆን እዚህ በተሠራው ዕቃ ዋጋ ልክ ይስጥ፤ ምንም ያልሠራ ምንም አያግኝ።

እስከዚያው ገዢዎች ተሠርታ ያለቀችዋን ብትመርጡ የሚያሳፍር ነገር የለበትም። ከመክፈላችሁ በፊት የዋስትና ወረቀቱን አንብቡ፤ ማኅተሙ የማን እንደሆነ እዩ። የሀገር ጥቅም ነው የሚላችሁ ሰው ከመጣም ሒሳቡ አጭር ነው። ተገጣጥማ የገባችው 15 በመቶ ቀረጧን ለመንግሥት ካዝና ከፍላ ነው የገባችው፤ ሙሉ በሙሉ ተበትና የመጣችዋ ሰባራ ሳንቲም ቀረጥ አልከፈለችም።