የቀትር ጋኔን

ሰይጣን አለ ብዬ አምናለሁ። ይሄን ገና ከመጀመሪያው የምናገረው «ደግሞ አንዱ ዘመናዊ ነኝ ባይ መጣ» ብሎ ጽሑፉን ጥሎ የሚወጣ እንዳይኖር ነው። የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ ከቅርብ ጓደኞቼ ግማሹ ጴንጤ ናቸው። ጠበልም አውቃለሁ፣ የአዳር ጸሎትም አውቃለሁ። ጠቤ ውጊያ የለም ከሚሉት ጋር አይደለም። ጠቤ ከእኛው ጋር ነው፤ ውጊያ አለ እያልን፣ ሌሊቱን ሙሉ ስንጮህ አድረን፣ ጠዋት በሩን ወለል አድርገን ከፍተን ከምንወጣው ጋር።

ከቪዲዮዎቹ ልጀምር። ሁላችሁም አይታችኋል። አንዲት ልጅ መሬት ላይ ወድቃለች፣ ማይክ አፏ ላይ ተደግኗል። «ማን ነህ? መቼ ገባህ? በማን በኩል መጣህ?» በጠበል ቦታም ይሁን በአዳራሽ፣ መቁጠሪያ ይኑርም አይኑር፣ ጥያቄው አንድ ነው። ጋኔኑም ይመልሳል፤ ምስጢር አይችልም መሰለኝ፣ ሁሉንም ይዘረግፋል። ሕዝቡ እልል ይላል ወይ ያጨበጭባል፣ ክሊፑ ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ ይወጣል፣ እኛም ማታ አልጋችን ላይ ተጋድመን «ኡፍ፣ እግዚአብሔር ይጠብቀን» እያልን ለጓደኛ እንልካለን።

እስቲ ወንጌሉን ክፈቱ። ማርቆስ ምዕራፍ 1 ላይ በቅፍርናሆም ምኩራብ የነበረው ርኩስ መንፈስ የተናገረው እውነት ነው፤ ኢየሱስ ማን እንደሆነ በትክክል ነው የመሰከረው። ያገኘው መልስ ዝም ብሎ እንዲወጣ ነው። እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ዝቅ ብላችሁ ብታነቡ ሌሎቹም አጋንንት እንዳይናገሩ ተከልክለዋል። የሐዋርያት ሥራ 16 ላይ ፊልጵስዩስ ከተማ ውስጥ ጳውሎስን እየተከተለች የምትጮኸው ገረድም ስሕተት አልተናገረችም፤ ጳውሎስ ግን ተቸገረና መንፈሱን አስወጣው። አዎ፣ ማርቆስ 5 ላይ ጌታ ስም ጠይቋል፤ ይሄን አልደብቅም። ስም ጠየቀ፣ አስወጣ፣ ሰውየውን ልብስ ለብሶ ወደ ቤተሰቡ ላከው። የገባበትን ቀን፣ የላከውን ጎረቤት፣ መተቱ የተቀበረበትን ቦታ አልጠየቀም። ዮሐንስ 8 ላይ ራሱ የሐሰት አባት ያለውን ምን ብሎ ምስክር ያቆመዋል?

እኛ ግን እናቆመዋለን፤ ያውም እንደ ዋና ምስክር። ባደግኩበት ሰፈር ጠላ ሸጣ ልጆቿን ያሳደገች አንዲት እናት ነበረች። የጎረቤት ልጅ ታማ ጸሎት ቦታ ተወሰደችና ጋኔኑ «በጠላ ነው የገባሁት፣ የሰጠቻትም እሷ ናት» ብሎ ጮኸ ተባለ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሰው ጠላዋን መግዛት ተወ። ቡና ስትጠራ የሚመጣ ጠፋ። እድር ላይ እሷ ተቀምጣ ግራና ቀኟ ያለው ወንበር ባዶ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። ፊት ለፊት የከሰሳት ማንም የለም፤ ቢከሷት መልስ ትሰጥ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ዕቃዋን ሸክፋ ልጇ ወዳለበት ክፍለ ሀገር ሄደች። በዚያን ጊዜ በሰፈራችን ሰይጣን አሸንፎ ነበር፤ አልጠራጠርም። ያሸነፈው ግን በልጅቷ ውስጥ ሳይሆን በእኛ ውስጥ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰፈር አፈረሰ፤ ለዚያውም የጸሎት ቦታ ማይክ ተውሶ።

ኤፌሶን 6ን የማያውቅ የኅብረት ልጅ የለም። የጦር ዕቃውን አንድ በአንድ ከመዘርዘሩ በፊት የምንታገለው ከሰው ጋር እንዳልሆነ ይነግረናል። ይሄን የጻፈው ሰው ታስሮ ነበር፤ በሰንሰለት እንደሆነ ምዕራፉ መጨረሻ አካባቢ ራሱ ያነሳዋል። የሥጋና የደም አሳሪ ነበረው፣ ስምና ፊት ያለው። ትግሌ ከሱ ጋር ነው ግን አላለም። እኛ ነገሩን ገለበጥነው። መጀመሪያ ሰውየውን እንጠላለን፣ ከዚያ የጠላነውን ሰይጣን እንለዋለን፣ ከዚያ ጥላቻችን ራሱ ጸሎት ይሆናል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ፌስቡክ ላይ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ፕሮፋይሉ ላይ መስቀል ያደረገ፣ ከስሙ በታች ጥቅስ የጻፈ ሰው ስለ ሌላው ወገን ምን ምን ይል እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የየትኛው ወገን ሰው ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ከሁሉም ነበረ። ቅዳሜ ለሰው ሞት «እሰይ» ብሎ እሑድ የሚያስቀድስ፣ እሑድ የሚዘምር። ጋኔን ያስጮኻል ወደተባለ አገልጋይ ብትወስዱት ድምፁ አይሰማም ነበር። መንፈሱ ተመችቶታላ!

ጳውሎስ ዲያብሎስ በየት በኩል ቦታ እንደሚያገኝ በግልጽ የሚናገርበት ቦታ አለ። ስለ መተት ወይም ስለ አያት ቅድመ አያት እርግማን አይደለም። ኤፌሶን 4 ነው፤ ሳይፈታ ስለሚያድር ቁጣ። የሰጠን ጊዜ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ነው። ቀጥለው ያሉት ቁጥሮች ደግሞ ስለ ሌብነትና ከአፍ ስለሚወጣ ክፉ ነገር ናቸው። 2ኛ ቆሮንቶስ 2 ላይም የሰይጣንን ተንኰል እናውቃለን ሲል እያወራ ያለው አንድ ያጠፋ ሰው ይቅር ይባል ስለማለት ነው። ተንኰሉ ያ ነው፤ ይቅርታን ማስቀረት። ደረቅ ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ቪዲዮ አይወጣውም።

አንድ የማውቀው የወጣቶች ኅብረት ውስጥ ሁለት መሪዎች በድምፅ ማጉያ መግዣ ገንዘብ ተጣልተው ዓመት ከመንፈቅ አልተነጋገሩም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ኅብረቱ በወር አንዴ አዳር ጸሎት ነበረው፤ ርዕሱም የጠላትን ሥራ ማፍረስ። አንዱ በግራ ጥግ፣ አንዱ በቀኝ ጥግ ሆነው ይጮኻሉ። ጠላት የት ነበር ካላችሁኝ፣ መሃል ላይ ወንበር ስቦ ተቀምጦ አሜን ሲል ይታየኛል።

አሁን ወደ ቀትር ልምጣ። ልጆች ሆነን በቀትር ወንዝ አትውረዱ እንባል ነበር፤ ስድስት ሰዓት ላይ ጋኔን ይመታል ተብሎ። መዝሙር 90ም (ጴንጤ ጓደኞቼ 91 ነው ትላላችሁ) የቀትርን ጋኔን በስሙ ያነሳዋል። በብዙ ቤት ይሄ መዝሙር እንደ አጥር ነው፤ ይደገማል፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ታክሲ ውስጥ ይለጠፋል። ማቴዎስ 4 ላይ ሰይጣን ለኢየሱስ የጠቀሰለት ይሄንኑ መዝሙር መሆኑን ግን ልብ በሉ። በቃሉ ያውቀዋል።

በግብፅ በረሃ የኖረ ኤቫግሪዮስ የሚባል መነኩሴ ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ399 ያረፈ። አንዳንድ ትምህርቱ በኋላ ተወግዟል፤ ስለ ሐሳብ ውጊያ የጻፈውን ግን በምሥራቅም በምዕራብም ያሉ መነኮሳት ሲማሩበት ኖረዋል። ይሄ ሰው የቀትሩን ጋኔን ወንዝ ዳር አልፈለገውም። በዓቱ ውስጥ ነው ያገኘው። ስሙ ስልቹነት ነው፤ በግእዙ ሀኬት ልንለው እንችላለን። ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል ይላል፤ ያኔ ቀኑ የሚቆጠረው እንደኛው ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ ሰዓቱን መቀየር እንኳ አያስፈልገንም። መነኩሴው ቀኑ ሃምሳ ሰዓት ይሆንበታል። በመስኮት ደጋግሞ ያያል። ይወጣና ፀሐይዋ ለዘጠኝ ሰዓት፣ ለመብሉ ሰዓት ስንት እንደቀራት ይለካል፣ የሚመጣ ወንድም ካለ ይቃኛል። ከዚያ ቦታውን ይጠላል፣ የእጁን ሥራ ይጠላል። ፍቅር ጠፍቷል፣ የሚያጽናናኝ የለም ይላል። ሰሞኑን ያስከፋው ሰው ካለ ጋኔኑ ያንን ያስታውሰዋል። ቀጥሎ ሌላ ቦታ ያሳየዋል፤ ሥራ የሚቀልበት፣ ኑሮ የሚሳካበት።

ይሄን አንብቦ ስልኩ ትዝ ያላለው ማን ነው? ቢሮ ውስጥ ወይም ክላስ ውስጥ፣ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አውራ ጣታችን ስክሪኑን ወደ ላይ ሲገፋ፤ ማን መጣ፣ ማን አየኝ፣ ማን ረሳኝ። የጓደኛችን የቶሮንቶ ፎቶ ይመጣል። (አገር መልቀቅ ጋኔን ነው እያልኩ አይደለም፤ የቤት ኪራዩን እኔም እከፍላለሁ።) ከዚያ ያስቀየመችን ልጅ ስትስቅ እናያለን። ስልኩን ስናስቀምጥ ልባችን ላይ የሚቀረው ምሬት ነው፤ ያለንበት ሁሉ ጠልቶን። ማንም አልወደቀም፣ ማንም አልጮኸም። ጸሎት ካቆምን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው፤ ራሳችንም አላስተዋልንም።

ኤቫግሪዮስ ለዚህ የሰጠው መሣሪያ ጩኸት አይደለም። ሐሳቦቹን በስምንት ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ መልስ የሚሆኑ ወደ 500 የሚጠጉ ጥቅሶችን ከመጽሐፍ ቅዱስ ሰበሰበ። በሱ ለመጠቀም ግን ቀድመህ የመጣብህን ሐሳብ በስሙ ማወቅ አለብህ፤ ቁጣ ነው? ከንቱ ውዳሴ ነው? ኀዘን ነው? የእኛም አባቶች «ፆር» የሚሉት ይሄንን ነው፤ ዕለት ዕለት የሚወረወር የሐሳብ ጦር። ማር ይስሐቅን፣ ፊልክስዩስንና አረጋዊ መንፈሳዊን የያዘው መጽሐፈ መነኮሳት በቤተ ክርስቲያናችን ራሱን የቻለ የትርጓሜ ጉባኤ አለው። ቤታችን ውስጥ ያለ ነገር እኮ ነው! እኛ የጋኔን ቃለ መጠይቅ እናያለን።

«ዓይነ ጥላ» የሚባለውንም ሳልነካ አላልፍም። ሥራ ያጣ፣ ትዳር የዘገየባት፣ ጠዋት ከአልጋ መነሣት ያቃተው ሁሉ መልሱ ይሄ ሆኗል። የመጨረሻው ሰው ሐኪም ያስፈልገው ይሆናል፤ ሄዶም መድኃኒት ጀምሮ ከሆነ «እምነትህ ጎድሎ ነው» ብሎ የሚያስጥለው አይጠፋም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የእንጦጦ ጠበል ላይ የኤችአይቪ መድኃኒት ነገር ሲያከራክር፣ ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። ያ ንግግር ለድባቴና ለሚጥል በሽታም እንደሚሠራ ለመረዳት ስንት ዓመት ይፈጅብናል? ታማሚውን መድኃኒት አስጥሎ «ዳነ» ብሎ ቪዲዮ የሚለቅ ሰው የማንን ሥራ እየሠራ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ።

ይሄን ሁሉ ሰሞኑን ለአንድ አገልጋይ ነገርኩት፤ ቻናሉ ብዙ ተከታይ አለው፣ ልጁም ክፉ ልጅ አይደለም። «ወንድሜ፣ ጋኔኑ ካልተናገረ ሕዝቡ እንዴት ያምናል?» አለኝ። ከታላቅ ወንድሙ ጋር በውርስ ቤት ምክንያት እንደማይነጋገር አውቃለሁ። ወንድምህን ለመጨረሻ ጊዜ የደወልክለት መቼ ነው አልኩት። ሰዓቱን አየና፣ ፕሮግራም እንዳለበት ነገረኝ።