ለክረምቱ አንድ የጋራ የመሣሪያ ሣጥን



ከገንዳ ውሃና ከመተማ አካባቢ መጥተን ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር የምንማር ልጆች ለጀመዓችን አንድ ሐሳብ አለን። ክረምት ወደ አገራችን ስንገባ ከሎጂክ ቺፖች ኮምፒውተር በእጃችን እንሥራ። ዕቃውን ግን በየግል ሳይሆን በጋራ እንግዛ።

«ስልክ እያለ ይህ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። የስልክን ፕሮሰሰር ከፍቶ የሚያይ የለም። 7400 የሚባለው ቺፕ ግን 14 እግርና አራት የናንድ በሮች ብቻ ነው ያለው። 14ኛው እግር ላይ 5 ቮልት፣ 7ኛው ላይ ግራውንድ ሰጥተን እያንዳንዱን በር በኤልኢዲ መፈተሽ እንችላለን። ከናንድ ብቻ ማንኛውም ሎጂክ እንደሚሠራ ሁላችንም ለፈተና አጥንተናል። ሲሙሌሽን ይበቃል ለሚሉን ደግሞ፦ ሲሙሌሽን ላይ ሽቦ አይላላም፣ ቮልቴጅ አይወርድም። ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ብር ሲገኝ ሁሉም የሚሮጠው ወደ ቺፑ ነው። እኛ ግን መልቲሜትር ይቅደም እንላለን። ቀጥሎ ደህና ብሬድቦርድ ይምጣ፤ ርካሹ ቶሎ ይላላና ስህተቱ ከእኛ ይሁን ከቦርዱ ሳይታወቅ ሌሊቱ ይነጋል። ለኃይል 5 ቮልት የሚሰጥ የስልክ ቻርጀር ይበቃል። ሆኖም የኤልኤስ ቺፖች ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ስለሚፈልጉ ረጅምና ቀጭን ሽቦ አያዋጣም። በየቺፑ አጠገብ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ ለየኤልኢዲው ሬዚስተር ያስፈልጋል። እነዚህ ርካሽ ናቸው፤ የሚረሱትም እነሱ ናቸው።

ከቺፖቹ 555 ለክሎክ፣ 74173 ለሬጅስተር፣ 74161 ለቆጣሪ፣ 74283 ለመደመሪያ ይሆናሉ። 7486 ሲታከልበት መደመሪያው ይቀንሳል። ለሜሞሪ የሚመከረው 74189 የሚይዘው 64 ቢት ብቻ ሲሆን አሮጌ ስለሆነ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ሌላው ከመገዛቱ በፊት እሱ ይፈለግ።

ገንዳ ውሃ ስልክ ጠጋኞች ዘንድ የመበየጃ ካውያና ካቻቢቴ ለምነን እንዋሳለን። ቺፑ ግን ከሩቅ የሚመጣ ነው፤ መንገድ ከተዘጋ ደግሞ አንድ የጎደለ ቺፕ ክረምቱን ይበላዋል። መጠባበቂያ ጨምረን አንድ ጊዜ እንዘዝ። ኤልኤስና ኤችሲ አናደባልቅ፦ የኤልኤስ «አንድ» እስከ 2.7 ቮልት ሊወርድ ይችላል፣ ኤችሲ ግን በ5 ቮልት ሲሠራ 3.5 ገደማ ይጠብቃል። ዳታሺቱንም ኔትወርክ ባለበት እዚሁ ግቢ እናውርድ።

ብሬድቦርድ ላይ ምንም ስለማይበየድ ዕቃው ተነቅሎ ለቀጣዩ ባች ይተርፋል። እንደ ወቅፍ ነው፤ ዋናው ሳይነካ ጥቅሙ ይቀጥላል። በመስከረም ሣጥኑ ወደ ግቢ ሲመለስ ግን የወንዶች ዶርም እንዳይገባ አጥብቀን እንጠይቃለን። እዚያ ከገባ እህቶች አያገኙትም። ላይብረሪ አካባቢ ቦታ ይፈለግለት፤ ተራውም በጽሑፍ ይለጠፍ።