የንባብ ውለታ

የበዓል ቀን ሲቀርብ ሰው ሁሉ ቤቱን ያሰናዳል፤ ልብሱን ያጥባል፤ ለዘመዱና ለጎረቤቱም የሚሰጠውን ያስባል። ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ሰው ከሰው ከሚቀበለው ስጦታ ሁሉ እጅግ የከበረ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ስጦታ አለ፤ ይኸውም ማንበብ ነው። ፊደል የለየ ሰው ጥቂት ዘመን ካለፈ በኋላ ንባብን እንደ እጁና እንደ እግሩ ከእናቱ ማኅፀን ይዞት የወጣ ይመስለዋል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ማንም ሰው አንባቢ ሆኖ አልተወለደም። አስቀድሞ ጣቱን ይዞ «ይህ ሀ ነው፤ ይህ ለ ነው» ያለው ሌላ ሰው አለ። ስለዚህ አንባቢ ሁሉ ባለ ዕዳ ነው።

ታዲያ ይህ ዕዳ በምን ይከፈላል? በበዓል ቀን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ማለት ብቻ ይበቃልን? ይህ ቃል መልካም ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። የንባብ ውለታ የሚከፈለው ያስተማሩትን ሰዎች በማሰብና ያላገኘውን ሰው ከንባብ በማካፈል ነው። ይህንም መክፈል ቀላል እንዳልሆነ ቻርልስ ዲከንስ የተባለው የእንግሊዝ ደራሲ ሕይወት ያስረዳል። በዚህ ታሪክ የሚጠራው ዘመን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

ዲከንስ በ1812 በፌብሩዋሪ 7 ቀን ፖርትስመዝ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ በባሕር ኃይል የደመወዝ ቢሮ ጸሐፊ ነበረ። ማንበብን በመጀመሪያ ያስተማረችው እናቱ ናት። ልጁ ሰውነቱ ደካማ ነበረና ብዙ ጊዜ ሕመም ይነሣበት ነበር፤ ስለዚህ ከእኩዮቹ ጋር እንደ ልቡ መጫወት አልቻለም። ቻተም በምትባል ከተማ በተቀመጡበት ቤት ግን በላይኛው ፎቅ አንዲት ትንሽ ክፍል ነበረች፤ በእርስዋም አባቱ ያኖራቸው ጥቂት መጻሕፍት ነበሩ። ከእነርሱም መካከል የሮቢንሰን ክሩሶ ታሪክ፣ የዶን ኪሆቴ ታሪክና የሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች ይገኙ ነበር። ሌሎች ልጆች በውጭ ሲጫወቱ እርሱ ተቀምጦ ያነብ ነበር። በሕመሙ ጊዜ ያጽናኑት እነዚህ መጻሕፍት ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ቤተ ሰቡ ወደ ሎንዶን ሄደ፤ ድኽነትም መጣ። አባቱ ከገቢው ይልቅ ወጪው ስለ በዛ ዕዳ ውስጥ ወደቀ። የቤቱ ዕቃ ጥቂት በጥቂት ተሸጠ፤ ከሁሉም አስቀድሞ የተሸጡት መጻሕፍቱ ነበሩ። ወደ መጽሐፍ ነጋዴው ሱቅ ተሸክሞ የወሰዳቸውም ልጁ ራሱ ነበረ። የሚወዳቸውን መጻሕፍት በገዛ እጁ ለሽያጭ ማቅረብ ለአንድ ሕፃን ምን ያህል ኀዘን እንደሆነ ማንበብን የሚወድ ሁሉ ያውቀዋል።

በ1824 አባቱ ስለ ዕዳው ማርሻልሲ በሚባል ወህኒ ቤት ታሰረ። ቻርልስ ያን ጊዜ 12 ዓመቱ ነበረ። ትምህርቱን ትቶ በቴምዝ ወንዝ አጠገብ ባለ፣ አይጥ በሞላበት አሮጌ ቤት የጫማ ማጥቆሪያ ቀለም በሚሠራበት ስፍራ ተቀጠረ። ሥራውም የቀለሙን ዕቃ አፉን በወረቀት መሸፈን፣ በገመድ ማሰርና ስሙ የታተመበትን ወረቀት መለጠፍ ነበረ። ደመወዙ በሳምንት 6 ሽልንግ ነበረ።

በዚያ ስፍራ ቦብ ፌጊን የሚባል አንድ ልጅ ነበረ። እርሱም ለአዲሱ ልጅ ገመዱ እንዴት እንደሚታሰር አሳየው። አንድ ቀን ቻርልስን የጎን ሕመም በጸናበት ጊዜ ቦብ ባዶ ጠርሙሶችን በሙቅ ውሃ እየሞላ ጎኑን ሲያሞቅለት ዋለ። ድኻ ለድኻ ያደረገው ደግነት ይህ ነው።

እነሆ፣ እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ዲከንስ ካደገና ደራሲ ከሆነ በኋላ ከ1837 እስከ 1839 ኦሊቨር ትዊስት የሚባለውን መጽሐፉን ጥቂት በጥቂት አወጣ። በዚያ መጽሐፍ ሕፃናትን ሌብነት የሚያስተምር አንድ ክፉ ሽማግሌ አለ፤ ዲከንስም ለዚህ ሰው ፌጊን የሚል ስም ሰጠው። የደጉ ልጅ ስም በዓለም ሁሉ የክፉ ሰው መጠሪያ ሆነ። የቦብን ደግነት ዲከንስ ራሱ በጻፈው ማስታወሻ ስለ መሰከረ ፈጽሞ ረስቶታል ማለት አይቻልም። ነገር ግን ስሙን እንዲህ ማድረጉ የሚገባ ውለታ አልነበረም።

ስለ እናቱም እንዲሁ ነው። አባቱ ከወህኒ ከወጣ በኋላ ልጁን ከቀለም ቤቱ አስወጥቶ ወደ ትምህርት ቤት ሊልከው ወደደ፤ እናቱ ግን ቤቱ ችግረኛ ነበረና ወደ ሥራው ይመለስ አለች። የአባቱ ቃል ጸና፤ ልጁም ተማሪ ሆነ። ዲከንስ ግን ይህን የእናቱን ቃል ከቶ እንዳልረሳው ጽፎአል። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንደ ተባለው ነው። ማንበብን ያስተማረችው እጅና ወደ ቀለም ቤት ትመልሰው የነበረችው እጅ አንዲት እጅ ናት፤ በልቡ የጸናው ግን ሁለተኛው ነገር ነው። በዚህ ብዙ ሰዎች ዲከንስን ይመስሉታል። ሰው የተጎዳበትን ቀን ይቈጥራል፤ የተረዳበትን ቀን ግን አይቈጥርም። ስለዚህ ማመስገን በራሱ የሚመጣ ስሜት አይደለም፤ ሰው እንደ ፊደል ተግቶ ሊማረው የሚገባ ነገር ነው።

ሆኖም ዲከንስ ዕዳውን በሌላ መንገድ ከፍሎአል፤ ይህም ሊመሰገንለት ይገባል። በ1830፣ 18 ዓመት እንደ ሞላው፣ በብሪታንያ ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት ለማንበብ ፈቃድ አገኘ። በልጅነቱ መጻሕፍቱን የሸጠው ሰው በዚያ እንደ ልቡ አነበበ። አጭር ጽሕፈት የሚባለውን ፈጣን አጻጻፍ ተምሮ በፓርላማ የሚነገረውን ለጋዜጣ ይጽፍ ነበር፤ ከዚያም በኋላ ስመ ጥሩ ደራሲ ሆነ።

በ1843 በመስከረም ወር በሎንዶን ድኾች ልጆች ያለ ክፍያ የሚማሩበትን አንድ ትምህርት ቤት ጎበኘ። ልብሳቸው የተቀዳደደ፣ ፊደል የማያውቁ፣ ሌላም ረዳት የሌላቸውን ልጆች አየ። እርሱም ከእነርሱ አንዱ ለመሆን ጥቂት ቀርቶት እንደ ነበረ ያውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ በስድስት ሳምንት ያህል የገና መዝሙር የሚባለውን መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉም በዲሴምበር 19 ቀን 1843 ወጣ፤ የታተመውም 6000 ቅጂ እስከ ልደት ዋዜማ ተሽጦ አለቀ።

ታሪኩ ስክሩጅ ስለሚባል አንድ ንፉግ ሽማግሌ ነው። በልደት ዋዜማ ሌሊት መናፍስት ይመጡና ያለፈውን፣ ያለውንና የሚመጣውን ዘመን ያሳዩታል። ባለፈው ዘመን ስክሩጅ ራሱን ያያል፤ በበዓል ቀን ሌሎች ልጆች ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እርሱ በትምህርት ቤት ብቻውን ቀርቶ መጽሐፍ ሲያነብ ነበር። የመጽሐፉ ሰዎች፣ ሮቢንሰን ክሩሶም ጭምር፣ ብቸኛውን ልጅ ያጽናኑት ነበር። ደረቅ የነበረው ልብ መለስለስ የጀመረው በዚህ ጊዜ ነው። ደግሞም መንፈሱ ሁለት የከሱ ሕፃናትን ያሳየዋል፤ የወንዱ ስም ድንቁርና ነው፤ የሴቲቱም ስም ችጋር ነው። ከሁለቱም ይልቅ አብልጦ እንዲፈራ የተነገረው ወንዱን ነው። ዲከንስ በበዓል ቀን ለጠገቡ ሰዎች ያሳሰበው ይህን ነው፤ የተራበ ሰው በደጅ እንዳለ ሁሉ ያልተማረም ልጅ በደጅ አለ።

ነገር ግን መጽሐፉ ራሱ የሚሸጠው በ5 ሽልንግ ነበረ። ቻርልስ በልጅነቱ በቀለም ቤት ሳምንቱን ሙሉ ደክሞ ያገኝ የነበረው 6 ሽልንግ ነው። እንግዲህ ስለ ድኾች የተጻፈውን መጽሐፍ ድኻ ሊገዛው አልቻለም ማለት ነው።

ከ10 ዓመት በኋላ ዲከንስ ለዚህ መልስ ሰጠ። በ1853 በልደት ሰሞን በርሚንግሃም በምትባል የፋብሪካ ከተማ ለሠራተኞች ትምህርት የሚሆን ገንዘብ እንዲሰበሰብ በትልቁ አዳራሽ መጽሐፉን በገዛ ድምፁ ለሕዝብ አነበበ። ለራሱም ዋጋ አልተቀበለም። ያን ጊዜ አንድ ለምኖት ነበረ፤ ይኸውም ከሚያነብባቸው ምሽቶች አንዱ ለሠራተኞች እንዲሆን፣ የመግቢያውም ዋጋ 6 ፔኒ ብቻ እንዲሆን ነው። በዲሴምበር 30 ቀን ከ2000 የሚበልጥ ሕዝብ አዳራሹን ሞላው። በዚያ ዘመን አንድ ሽልንግ 12 ፔኒ ነበረና 5 ሽልንግ 60 ፔኒ ይሆናል። ስለዚህ በ60 ፔኒ የሚሸጠውን ታሪክ ሠራተኛው በ6 ፔኒ ሰማው፤ ይህም ከ10 አንድ እጅ ነው። ፊደል የማያውቅ ሰው እንኳ ቢኖር በጆሮው አነበበ።

አንዳንድ ሰው «ዲከንስ በኋላ ከ1858 ጀምሮ በዋጋ ያነብ ነበር፤ ብዙ ገንዘብም አገኘ፤ ታዲያ ምኑ ነው ውለታ?» ይል ይሆናል። ለድካም ዋጋ መቀበል ነውር አይደለም። ነገር ግን በዋጋ ከማንበቡ አስቀድሞ ያለ ዋጋ አነበበ። ዲከንስ በጁን 9 ቀን 1870 ሞተ። የቀለም ቤቱን ታሪክ በሕይወቱ ሳለ ለልጆቹ እንኳ አልገለጠም ነበር፤ ከሞተ በኋላ ግን ወዳጁ ጆን ፎርስተር የሕይወቱን ታሪክ ሲያሳትም ዓለም ሁሉ አወቀው። ያን ጊዜ የገና መዝሙርን ያነበበ ሁሉ ደራሲው ስለ ድኻ ልጆች እንዲያ አድርጎ የጻፈው ስለ ምን እንደሆነ ተረዳ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው፣ ታላቅ ሰው እንኳ ውለታን ሊያጓድል ይችላል። ሁለተኛው፣ ሰው ለአስተማረው መክፈል ባይችል ላልተማረው መክፈል ይችላል።

ይህም ነገር ለደራሲ ብቻ የተነገረ አይደለም። በኢትዮጵያ የልደት በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን ሲከበር ብዙ ተማሪ ወደ ቤቱ ይገባል። በዚያም እርሱ እንዲማር ውሃውን የቀዳች፣ እንጨቱን የለቀመች፣ ራስዋ ግን ፊደል ያልቈጠረች እናት ወይም አያት ልትኖር ትችላለች። ተማሪው በማንበቡ ቢታበይና እርስዋን ቢንቅ፣ በእርስዋ ድካም የተገዛውን ዕውቀት በእርስዋ ላይ እንደ በትር አነሣው ማለት ነው። ነገር ግን ከማዕዱ በኋላ አጠገብዋ ተቀምጦ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ያለውን የልደት ታሪክ ቀስ ብሎ ቢያነብላት፣ ከሩቅ አገር የመጣውን የልጅዋን ደብዳቤ ቢያነብላት፣ ታናሽ ወንድሙንም ጣቱን ይዞ «ይህ ሀ ነው» ቢለው፣ ዕዳውን መክፈል ጀመረ።

ሲያነብ ቢሳሳት አይፈር። ደግሞ ከማንበቡ በፊት ያስተማሩትን ሰዎች ስማቸውን በልቡ ይቍጠር፤ ገመድ ማሰር ያሳየውን፣ በሕመሙ ቀን ጎኑን ያሞቀለትንም አይርሳ። በሕይወት ያለውን ሄዶ ያመስግነው፤ የሞተውንም ስሙን በመልካም ያንሣው። የበዓሉ ማዕድ በማግሥቱ ያልቃል፤ ለሌላ ሰው የተነበበ ቃል ግን በሰሚው ልብ ይቀራል።